የማንም እግር አያመሰኳም

ባለፈው ወር ሴቨን ኮርነርስ አካባቢ ካለ አንድ የእስያ ምግብ መደብር ሩዝ ልገዛ ገብቼ ነበር። ከኋላ፣ ከሥጋ መሸጫው በኩል ሽታው መጣብኝ፤ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብል፣ ከሶይ ሶስ ጋር ያረረ ስኳር፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ስስ የተለበለበ ፀጉር ሽታ። መስታወቱ ውስጥ የተጠበሱ የአሳማ እግሮች ቀልተው ተደርድረዋል። ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ። አጠገቤ ዓሣ የሚያስመዝኑ ሴትዮ ገላመጡኝ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? እናቴ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ አሳማ ሠርታለች፤ እሱንም ለሰው፣ ሳትቀምስ፣ ቢጫ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አጥልቃ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ዘመኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነው። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ የቀይ ጡብ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባቴ ቀን ፓርኪንግ እየሠራ ማታ ይማራል። እማዬ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራ ስለነበር ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት አትደርስም። ስለዚህ የምቆየው በራቸው ከበራችን ፊት ለፊት ካለው ከሚስስ ቸን ዘንድ ነበር።

ሚስስ ቸን ከታይዋን የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቁመታቸው ከኔ እምብዛም የማይበልጥ አሮጊት ናቸው። እንግሊዝኛቸው ሃያ ቃል ቢሆን ነው። የእማዬም ቢሆን ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሁለቱ ሲገናኙ አንዷ በቻይንኛ፣ ሌላዋ በአማርኛ ያወራሉ። እኔ ካለሁ አስተረጉማለሁ፣ ከሌለሁ ደግሞ የበለጠ ይግባባሉ።

መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ የተወችኝ ቀን እማዬ በራቸው ላይ ቆማ፣ አሳማ እንደማንበላ ንገሪያቸው አለችኝ። ነገርኳቸው። አልገባቸውም። ምንጣፉ ላይ በአራት እግሬ ሆኜ እንደ አሳማ ጮህኩ፤ ከዚያ ተነስቼ ጣቴን ግራና ቀኝ አወዛወዝኩ። ሚስስ ቸን መጀመሪያ አጨበጨቡልኝ። ትንሽ ቆይተው ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ ወደ ውስጥ ገብተው አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ድስት ይዘው ወጡ። ገልብጠው ቂጧን ለእማዬ አሳዩአት። የመደብሩ የዋጋ ወረቀት ገና አልተላጠም ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ የኔ ዕንቁላል፣ የኔ ጎመን፣ የኔ ፓስታ በዚያች ድስት ብቻ ተሠራ። የተቀመጠችውም ለብቻዋ መደርደሪያ ላይ፣ በፎጣ ተሸፍና ነበር። ይህን እማዬ አልረሳችውም፤ ስለ ሚስስ ቸን ሲነሳ ሁልጊዜ የምታወራው ስለዚያች ድስት ነው።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ መስከረም ላይ የአባቴ አክስት እትዬ አስካለ ከአዲስ አበባ መጡ። አባቴን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እትዬ ቤታችን ውስጥ ሕግ ይዘው ገቡ። አንድ ሰው አሜሪካን አገር ብስኩቱም ዳቦውም የአሳማ ስብ አለበት ብሎ አስፈራርቷቸው ስለነበር፣ የታሸገ ነገር ሁሉ ጽሑፉ ሳይነበብላቸው አይቀምሱም። አንባቢዋ እኔ ሆንኩ። ከግሮሰሪ የመጣውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ከኔ ፊት ለፊት ይቀመጡና፣ "እስኪ ይኼ ምን ይላል?" ይሉኛል። ጣቴን ከሥሩ እያስኬድኩ በሙሉ አነባለሁ። እንደዚያ ያለ ሥልጣን ከዚያ በኋላ አግኝቼ አላውቅም። የቆርቆሮ ቆስጣ ነፍሴ አይወደውም ነበርና፣ አንድ ቀን ቆርቆሮውን አንብቤ ጨረስኩና ራሴን በሐዘን ነቀነቅኩ። አሳማ አለበት አልኳቸው። እትዬ አማተቡ። በዚያ የበረዶ ወራት ቤታችን ቆስጣ አልገባም። ንስሐም አልገባሁበትም።

እትዬ ቁጭ አድርገው የሚበላና የማይበላውንም ያስጠኑኝ ነበር። የሚበላው ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ነው። ማመስኳት ማለት ላም ተኝታ የዋጠችውን መልሳ ስታኝክ ነው ብለው በአፋቸው አሳዩኝ። እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ሸምድጄ ያዝኩት።

ሚስስ ቸን ሄንሪ የሚባል አንድ ኢንጂነር ልጅ ነበራቸው። ቴሌቪዥናቸው ላይ የምርቃት ካባ የለበሰ ፎቶው አለ። እሱን ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። የት እንደሚኖር ስጠይቃቸው አሌክሳንድሪያ አሉኝ። ቤት ገብቼ ለእትዬ ስነግራቸው ዓይናቸው ፈጠጠ፤ "እስክንድርያ? የቅዱስ ማርቆስ አገር?" አሉ። አዎ አልኳቸው። እንግዲህ ሄንሪ ግብፅ ነበር የሚኖረው፤ እናቱን ለማየት ሦስት ዓመት ሙሉ አለመምጣቱም ከዚያ በኋላ አልገረመኝም። መርከብ ቀስ ብሎ ነው የሚሄድ ብዬ ሚስስ ቸንን አጽናናኋቸው። ራሴን ዳበሱኝ።

እውነቱን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ሄንሪ ለእናቱ ሳይነግር አንዲት አሜሪካዊት አግብቶ፣ በስልክ ክፉ ቃል ተለዋውጠው፣ በዚያው ተቆራርጠው ነበር።

ጥር ላይ በረዶ ጥሎ ፓርኪንጉ እንደ መስታወት ሆነ። ሚስስ ቸን ቆሻሻ ሊጥሉ ወጥተው ተንሸራተቱና ቀኝ እጃቸው ተሰበረ። እስከ ክርናቸው በጄሶ ታሰረ። ከሳምንት በኋላ፣ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ የቤት ሥራ ስሠራ፣ ስልክ ጮኸ። በግራ እጃቸው አነሱት። ብዙም አልተናገሩም። ከዘጉትም በኋላ የስልኩን ገመድ እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ ወደኔ ዞረው ሄንሪ ቅዳሜ ይመጣል አሉኝ። ቅዳሜ የነሱ አዲስ ዓመት ነበር። ሚስቱንም ይዞ ነው የሚመጣው።

ወዲያው ስለ አሳማ እግር ማውራት ጀመሩ። ከሃያው ቃልና ከግራ እጃቸው ምልክት የገባኝ ይህን ያህል ነው፦ ሄንሪ ልጅ ሳለ በየአዲስ ዓመቱ የአሳማ እግር ይጠብሱለት ነበር፤ እሱም ጠረጴዛ እስኪቀርብ አይጠብቅም፣ ኦቨኑ ፊት ቆሞ ይበላል። ያንን ሳያቀርቡለት ቢቀሩ እንግዳ ሆኖ መጥቶ እንግዳ ሆኖ ይሄዳል። እንዲህ በቃል አላሉትም፤ ፊታቸው ግን ይለዋል።

ሐሙስ ዕለት አንዲት ወዳጃቸው ከሴቨን ኮርነርስ ስድስት እግር አምጥተውላቸው ሄዱ። ሚስስ ቸን እኔን ሳያስነኩ በአንድ እጃቸው ሊያጥቡ ሞከሩ። አንደኛው እግር ከእጃቸው አመለጠ፤ ወለሉ ላይ እየተንሸራተተ እስከ ፍሪጁ ሥር ሄደ። ተከተሉት። ሲይዙት ያመልጣል። እማዬ እኔን ልትወስድ ከሥራ መጥታ በሩን ስትከፍት ያየችው ይህንን ነው፤ ሚስስ ቸን በጉልበታቸው ተንበርክከው በግራ እጃቸው የአሳማ እግር ሲያባርሩ።

እማዬ ደጃፉ ላይ ደርቃ ቀረች። ሚስስ ቸን ቀና ብለው አዩዋት፤ አፍረው ነበር፣ ዓይናቸውም እንባ አቅርሯል። ለምን እንደሆነ ለእማዬ አስረዳኋት፤ ሄንሪን፣ ቅዳሜን፣ የአዲሱን ዓመት እግር። እማዬ አንድ ጊዜ እግሩን፣ አንድ ጊዜ መደርደሪያው ላይ ያለችውን ሰማያዊ ድስት ታያለች። ያመነታችበት ምክንያት ገብቶኛል፤ እኔም ሕጉን ስለማውቅ ልረዳት ፈለግኩ።

"እማዬ፣ ሰኮናው እኮ የተሰነጠቀ ነው፣ እዪው" አልኳት። "ግማሹን አሟልቷል።"

"አያመሰኳም ግን" አለች፣ ዓይኗን ከእግሩ ሳትነቅል።

"እሱማ አሳማው ነው የማያመሰኳው። ይኼ እግር ነው። የማንም እግር አያመሰኳም።"

እማዬ አፏን በእጇ ያዘች። እየሳቀች ይሁን እየተቆጣች ማወቅ አልቻልኩም። የዳቦ ፌስታል እጇ ላይ አጥልቃ ጎንበስ አለችና እግሩን አነሳች፤ ሲንኩ ውስጥ አኖረችው። ሚስስ ቸንንም ደግፋ አስነሳቻቸው።

"ለልጄ ሁለት ዓመት ድስት ለይተውልኛል" አለች። "ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ እኔ እሠራዋለሁ በያቸው።"

በዚያ ቀን ትልቅ ጭንቀት ያዘኝ። እማዬ ለእትዬ እንዳልነግር አላስጠነቀቀችኝም፤ እኔ ግን እትዬ ካወቁ ጉድ እንደሚፈላ እርግጠኛ ነበርኩ። የእማዬ ጓደኛ ወንድ ልጅ ወልዳ አርባ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሳትገባ ስትቀር አይቻለሁ። ምክንያቱን ማንም በደንብ አላስረዳኝም፤ ስለዚህ ከባድ ነገር የነካ ሰው ሁሉ አርባ ቀን ውጭ የሚቆም መሰለኝ። ከአሳማ የከበደ ደግሞ ምን አለ? የግድግዳውን ካላንደር በእርሳስ ቆጠርኩት። እማዬ ስድስት እሑድ ትቀራለች። አባቴ ለምን ብሎ ይጠይቃል፣ እትዬ ሻንጣቸውን ይሸክፋሉ፣ ቤታችን ይፈርሳል። ምስጢሩን ደረቴ ውስጥ ቀብሬ ዘበኛ ሆንኩ።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ኮሪደሩ የተለበለበ ፀጉር ይሸታል። በሚስስ ቸን ሲንክ ውስጥ ስድስቱ እግሮች ፀጉራቸው ጠፍቶ፣ ጠይመው፣ ንጹሕ ሆነው ተኝተዋል። ሚስስ ቸን በግራ እጃቸው ወደ ቤታችን በር እያመለከቱ፣ በእንግሊዝኛቸው ጉድ፣ ጉድ ይሉኛል፤ ደስ ብሏቸዋል። እማዬ ከሥራዋ ጠፍታ መጥታ የለበለበችው መሰለኝ፤ አደነቅኳት። ቤት ስገባ ደግሞ ያው ሽታ የእትዬ ነጠላ ላይ አለ። ምን ሆነው ነው ብዬ ስጠይቃቸው ስጸልይ ሻማ ለበለበኝ አሉ። እትዬ ሻማው ላይ ተደፍተው ነው የሚጸልዩ፤ አመንኳቸው።

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ አዲስ ቢጫ ጓንትና አንድ ኪሎ ጨው ይዛ፣ እጃቸው የተሰበረ ጎረቤታችንን ላግዝ ነው ብላ ተነሳች። ውሸት አይደለም፣ ሙሉ እውነትም አይደለም። እትዬ ዳዊታቸውን ሳይዘጉ፣ ደግ አደረግሽ፣ ሎሚም ይዘሽ ሂጂ አሏት። ያኔ ሎሚው ምንም አላስጠረጠረኝም።

ሚስስ ቸን ሌሊቱን ቁርጥማት አላስተኛቸው ኖሮ የሕመም ማስታገሻ ውጠው ነበር። በደንብ ይታጠብ ብለው በምልክት አሳይተውን ጋደም አሉ። እማዬን ደግሞ በደንብ ይታጠብ ማለት አያስፈልግም። ዶሮ ስትሠራ ያየ ያውቃታል፤ ውኃው እንደ ምንጭ እስኪጠራ ድረስ በሎሚና በጨው ታሻለች። ጓንቷን አጠለቀች፣ አማተበች፣ ጀመረች። እኔ ሎሚ እቆርጣለሁ። የመጀመሪያውን እግር ይዛ ቢላዋ አስገባችና ቆዳውን ገፈፈችው። ሁለተኛውን ገፈፈች። ሥራው ከባድ ነበር፣ ላብ አጠመቃት። ሦስተኛው ላይ በዶሮ ቀላል ነው እያለች ታጉረመርማለች። አራተኛውን ገፍፋ ቆዳውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ስትጥል ሚስስ ቸን ከመኝታ ቤት ወጡ።

ጎድጓዳ ሳህኑ ውስጥ አራት ራቁት እግሮች ነጥተው ተኝተዋል። ሚስስ ቸን አዩአቸው፤ ቆሻሻ መጣያውን አዩ። ጤነኛ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"ምን አጠፋሁ?" አለች እማዬ። "ጠይቂያቸው እንጂ።"

ጠየቅኳቸው። ሚስስ ቸን ቀስ ብለው የገዛ ጉንጫቸውን ቆዳ ቆነጠጡ፤ ከዚያ በጥርሳቸው ከሽ፣ ከሽ የሚል ድምፅ አወጡ። ደገሙት። በመጨረሻ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን የሄንሪን ፎቶ አመለከቱ። ገባኝ።

"ሄንሪ የሚወደው ቆዳውን ነው" አልኳት። "ቆዳው ነው ምግቡ።"

"ቆዳ? ዶሮ እንኳ ከነቆዳዋ ማን ይሠራል?" አለች እማዬ። ድምፅዋ ሰለለ። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ጓንት ያጠለቁ እጆቿን እንደ ሰው ዕቃ ከሰውነቷ አርቃ ይዛቸዋለች። አገራችን ውስጥ የታወቀች ባለሙያ ነበረች እማዬ፤ ወጥ ተበላሽቶባት አያውቅም። አንዲት እናት ከልጇ ልትታረቅበት ያሰበችውን ምግብ መጣያ ውስጥ ከተትኩት ብላ አለቀሰች። ሌላ እንዳይገዛ ሴቨን ኮርነርስ ሩቅ ነው፣ መኪናውን አባቴ ይዞታል፣ መንገዱ በረዶ ነው። እንግዶቹ በአሥር ሰዓት ይደርሳሉ።

ሚስስ ቸን ሳህኑ አጠገብ ሄዱና ያልተነኩትን ሁለቱን እግሮች አንድ በአንድ አነሱ። ሁለት ጣታቸውን ለእማዬ አሳዩአት። ሁለት አለን ማለታቸው ነው። የእማዬን ትከሻ መታ መታ አደረጉና በአገጫቸው ምድጃውን አመለከቷት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ደስ ይል ነበር። እሳቸው ያሳያሉ፣ እኔ እናገራለሁ፣ እማዬ ትሠራለች። ዝንጅብሉ ሳይላጥ ተጨፈለቀ። ቀረፋና ቅርንፉድ ገባ፤ እነዚህን እማዬ ስታይ ዘመድ ያገኘች ያህል ፈገግ አለች። አንድ ኮከብ የሚመስል ቅመም ደግሞ ነበር፤ እማዬ አሸተተችው፣ ደግማ አሸተተችው፣ አንዱን ለኔ ሰጠችኝ። ሶይ ሶሱ ጥቁርነቱ አስፈራት። ሁለቱ እግሮች በዚህ ሁሉ መሀል ሁለት ሰዓት ያህል ተንተከተኩ። ሚስስ ቸን መረቁን በማንኪያ ቀምሰው ለእማዬም ሲዘረጉላት እማዬ ወደ ኋላ አለች። እኔ አልቀምስም፣ ዕድሜዬን በጾም የፍስክ ወጥ ሳልቀምስ ነው የሠራሁት፣ አፍንጫዬ ይበቃኛል ብላ አስተረጎመችኝ። ኮርታ ነበር።

እግሮቹ ወጥተው በፎጣ ደረቁ፤ ቆዳቸው በሹካ ተበሳሳ። ኮምጣጤና ጨው መቀባት ብቻ ሲቀር ሚስስ ቸን ልብስ ሊቀይሩ ገቡ። በአንድ እጅ ቁልፍ መቆለፍ ቀላል አይደለም፣ ቆዩ። ጨዉን እማዬ በገዛ ግምቷ ቀባችውና ኦቨኑ በኃይል ጋለ። በመስታወቱ አጮልቀን አየን። ቆዳው መጀመሪያ አላበው፣ ከዚያ ተኮማተረ፣ ከዚያ እንደ ፈንዲሻ ጣ ጣ እያለ ይፈነዳ ጀመር። እማዬ በጉልበቷ ተንበርክካ "ቆዳው እኮ አበበ" አለች።

የጭስ አላርሙ የጮኸው ያኔ ነው። እማዬ መስኮት ከፈተች፣ ሚስስ ቸን ግማሽ ልብሳቸውን እንደለበሱ ወጥተው በጋዜጣ ያራግባሉ። እኔ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እትዬ ጩኸቱን ሰምተው ይመጣሉ። ኮሪደሩን በሩጫ አቋርጬ ቤታችን ስገባ እትዬ ነጠላቸውን ለብሰው ወደ በሩ እየመጡ ነው። መንገድ ዘግቼ ቆምኩባቸው። እትዬ፣ አዲስ ብስኩት ተገዝቷል፣ ላንብብልዎት አልኳቸው። አዩኝ። ሽታው ከኔ ጋር ገብቷል፣ አላርሙ ከኋላዬ ይጮሃል። እትዬ ረጋ ብለው ሶፋው ላይ ተቀመጡና፣ "እስኪ አንብቢልኝ" አሉ።

ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ የማይነበበውን መድኃኒት ሁሉ አነበብኩ። ሲያልቅ፣ ድጋሚ አንብቢልኝ አሉ። ደገምኩ። አላርሙ እስኪዘጋ ሦስት ጊዜ አነበብኩላቸው። ዝም ሲል፣ "በይ ሂጂ፣ ይበቃል" አሉኝ። ስላታለልኳቸው ራሴን አደነቅኩ።

ሄንሪ ከረባት አድርጎ፣ ብርቱካን በከረጢት ይዞ መጣ። ሚስቱ ሊንዳ ፊቷ ጠቃጠቆ የሞላው፣ ሄንሪን አይታ ጫማዋን በሩ ላይ ያወለቀች ልጅ ናት። እማዬ ልትሄድ ስትል ሚስስ ቸን ሹራቧን ይዘው አስቀሯት። ሁላችንም ተቀመጥን። ሁለቱ እግሮች ትልቅ ነጭ ሳህን ላይ፣ ቀይና ወርቃማ ሆነው፣ ገና ይንጫጫሉ። ማንም አልጀመረም። ሄንሪ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሳህኑን ያያል። ሚስስ ቸን ሄንሪን ያያሉ፤ በግራ እጃቸው ቾፕስቲክ አይያዝላቸውም። እኔም ጨዋ ልጅ ለእንግዳ የሚጠይቀውን ጠየቅኩ፤ ከአሌክሳንድሪያ በመርከብ ስንት ቀን ፈጀባችሁ አልኩት።

ሄንሪ ግራ ገብቶት፣ አሌክሳንድሪያ እኮ ወንዙን ተሻግሮ ያለ ከተማ ነው፣ በመኪና አርባ ደቂቃ አለኝ።

"አርባ ደቂቃ?" አልኩ። "ሦስት ዓመት ሙሉ?"

የሄንሪ ፊት እስከ ጆሮው ቀላ። ሊንዳ ብርቱካኖቹን አየች። እማዬ በአማርኛ መሬት ትዋጠኝ አለች። ሚስስ ቸን ግን ራሳቸውን አቀረቀሩ። ያጠፋሁት ያኔ ነው የገባኝ፤ ሁሉ ነገር በኔ ምላስ ሊበላሽ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

እማዬ ተነሳች። ጓንቷን ጎትታ አወለቀችና ሲንኩ ላይ ጣለችው፤ እጇን ታጠበች። ወደ ጠረጴዛው ተመልሳ በባዶ እጇ ከሚንጫጫው እግር ቆዳውን ከነሥጋው ቦጨቀች፣ ጣቷ እየተቃጠለ ጠቅለል አደረገችው፣ ሚስስ ቸንን አጎረሰቻቸው። ሚስስ ቸን ሳያስቡት አፋቸውን ከፈቱ። እማዬ ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቅልላ ወደ ሄንሪ ዞረች። ከረባት ያደረገ ኢንጂነር አፉን ከፈተ። ኦቨኑ ፊት ቆሞ ይበላ የነበረውን ልጅ ያን ጊዜ አየሁት፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከሽ፣ ከሽ።

ሲውጥ ዓይኑን ገለጠና የእናቱን ጄሶ አየ። እጅጌውን ሰበሰበ። እማዬ እንዳደረገችው አንድ ቁራጭ ቀደደ፣ መጠቅለሉን አላወቀበትም፣ እየተንጠባጠበበት ወደ እናቱ አፍ ወሰደው። ሚስስ ቸን ጎረሱ። እያኘኩ እንባቸው ወረደ። ረጅም ጊዜ አኘኩ። ከዚያ በቻይንኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሄንሪ ከት ብሎ ሳቀ።

ሊንዳ ምን አሉ ብላ ጠየቀችው።

"ጨው ያንሰዋል ነው የሚሉት" አለ ሄንሪ። "ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚሉት። እናቴ ድነዋል ማለት ነው።"

ለእማዬ ተረጎምኩላት። እውነትም ሳትቀምስ የቀባችው ጨው አንሶ ነበር። እሷም መሳቅ ጀመረች፣ ሳቋ አላቆም አላት። ሚስስ ቸን በግራ እጃቸው ያልተነካውን ሁለተኛውን እግር ጎትተው ሊንዳ ፊት አኖሩላት፣ ሙሉውን። ጨዉንም አቀበሏት። አራቱ ራቁት እግሮች በኦቾሎኒ ሾርባ ተሠርተው ክዳን ባለው ዕቃ ወደ አሌክሳንድሪያ ሄዱ። ሄንሪ በሚቀጥለው ቅዳሜም፣ ከዚያ በኋላ ባለውም ቅዳሜ መጣ።

እሑድ ጠዋት እማዬ ነጭ ቀሚሷን ስትለብስ ሳይ ምስጢሩን መያዝ አቃተኝ። ሚስስ ቸን ታርቀዋል፣ የኛ ቤት ግን ሊፈርስ ነው። እትዬ ሳሎን ነጠላቸውን እያስተካከሉ ነበር። ሄጄ ቀሚሳቸውን ይዤ፣ ሰው አሳማ ከነካ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት አርባ ቀን ይጠብቃል ወይ አልኳቸው። ማን ነካ አሉኝ። አለቀስኩ። ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ሰማያዊ ድስቷን፣ ስድስቱን እግር፣ ጓንቱን፣ ብስኩቱን ሳይቀር። የቆስጣውን ግን አልነገርኳቸውም።

እትዬ እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው እንባዬን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። ነጠላው ታጥቦም የዓርቡ ሽታ አልለቀቀውም።

"ፀጉሩን ማን የለበለበው መሰለሽ?" አሉኝ።

ነጠላቸውን ደግሜ አሸተትኩ።

"ሴትዮዋ በአንድ እጃቸው እሳት ላይ ይዘውት እጅጌያቸው ሊቀጣጠል ነበር። ሽታው ጠርቶኝ ገባሁ። የበግ እግር ስለበልብ ያረጀሁ ሰው ቆሜ ልይ?" ነጠላቸውን መልሰው አጣፉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፤ "ልጁስ በላ?"

"በላ። አጥንቱ ብቻ ቀረ።"

"ተመስገን" አሉ። "በይ ፊትሽን ታጠቢ። ለእናትሽም አትንገሪ፣ ትደነግጣለች።"

አባቴ መኪናውን አሙቆ ጠበቀን። እትዬ ከፊት ተቀመጡ፤ እማዬና እኔ ከኋላ። ሂተሩ ሞቀና ሽታው ከፊት ወንበር ተነሳ። የእማዬ አፍንጫ ተነሳ፤ ጨው ቢስትም ሽታ አይስትም። አንድ ጊዜ ሳበች። ወደ ፊት ጠጋ ብላ ደግማ ሳበች።

"እትዬ፣ የተለበለበ ፀጉር ይሸታል" አለች።

"ሻማ ነው" አሉ እትዬ፣ ሳይዞሩ።

እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እማዬ የእትዬን ነጠላ አየች፣ የኔን ጀርባ አየች፤ ሎሚውን ሳታስታውስ አልቀረችም። እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር እስክንደርስ ድረስ ድምፅ ሳታሰማ እየተንቀጠቀጠች ሳቀች።